ነፍሰ ጡር ሆኖ ከልክ በላይ መወፈር፦ ወሎ ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ ወይስ ብዙ ነን?

ባለሜትሯ (ደሴ)

ሰላም እህቶቼ፣ ወንድሞቼም። ይህን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለቴም አጥፍቼዋለሁ። ከሆዴ አልወጣ ቢለኝ ነው ዛሬ የለጠፍኩት።

29 ዓመቴ ነው። በተጋባን በ4ኛ ዓመታችን አላህ ሰጥቶን የመጀመሪያዬን አርግዣለሁ፤ ዛሬ 19 ሳምንት ሞላኝ። ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ከፒያሳ ወረድ ብላ ባለች ባለ አንድ በር ሱቅ ውስጥ ከጠዋት እስከ መግሪብ ከስፌት መኪናዬ አልነሳም።

ባለፈው ማክሰኞ ክትትል ሄድኩ። አግዳሚው ላይ 14 ነፍሰ ጡሮች ነበርን፤ ተራዬን ስጠብቅ ቆጥሬያለሁ። ከፊቴ የነበረችው ከገጠር የመጣች ቀጭን ልጅ ናት። ክንዷን በሜትር ለኳት፣ አነሰ ተባለ፣ የምግብ ድጋፍ የምታገኝበት ወረቀት ተጻፈላት። የእኔንም ክንድ በዚያው ሜትር ለኩና «አንቺ ደህና ነሽ» አሉኝ። ቀጥዬ ሚዛን ላይ ወጣሁ። 87 ኪሎ። በ11 ሳምንቴ ካርድ ሳወጣ 82 ነበርኩ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ60 ነው። የምትመዝነው ልጅ ካርዴን አየችና ወረፋው ሁሉ እየሰማ «በጣም ወፍረሻል እኮ! ስኳርና ግፊት ያመጣብሻል» ብላኝ ቀጣይዋን ጠራች። በቃ። ምን ልብላ፣ ምን ልተው፣ ማንን ልጠይቅ፣ አንድም ቃል የለም። ከ14ታችን ይህ የተነገረኝ እኔ ብቻ ነኝ። ሱቄ እስክደርስ ድረስ በሻርፔ ጫፍ እንባዬን እየጠረግኩ ነው የሄድኩት።

እኔ በሜትር የምኖር ሰው ነኝ፤ ሜትር ከአንገቴ አይወርድም። ሜትሩ ደህና ነሽ ብሎኝ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ሚዛኑ ደህና አይደለሽም ሲለኝ የቱን ልመን? ደግሞም የልኬት ደብተሬን ሳገላብጥ ነገሩ የእኔ ብቻ አልመስል ይለኛል። ሱቁን ስከፍት ከወገብ 100 በላይ የምጽፍላት ነፍሰ ጡር አልፎ አልፎ ነበረች። አሁን «ሆዴ ሲገፋ የሚሰፋ አድርገሽ ስፊልኝ» ብለው ከሚመጡት የደሴ ሴቶች ብዙዎቹ ገና በሦስትና በአራት ወራቸው እዚያ ደርሰዋል። ታዲያ አግዳሚው ላይ ለምን ብቻዬን ሆንኩ?

ሌላው አማቴ ናቸው። የሚወዱኝ፣ የምወዳቸው ሴት ናቸው። ማርገዜን የሰሙ ቀን ከባቲ በኩል ቅቤና የገብስ ዱቄት አሸክመው መጡ፤ እስካሁንም አልተመለሱም። በየጠዋቱ ገንፎ ይሠሩልኛል። መሃሉን በጭልፋ ጀርባ ይጎደጉዱና ጉድጓዱን በቅቤ ይሞሉታል፤ ጥጉ እስኪፈስ። ማታ አጥሚት አለ፣ ከአጥሚቱ በኋላ ደግሞ «ለልጁ» የሚባል ሌላ ነገር አለ። እምቢ ማለት አልችልም፤ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አማቴ በ77ቱ ድርቅ የ9 ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ባቲ መጠለያ እርዳታ ፍለጋ ከመጡት ሰዎች አንዷ ናቸው። እናታቸው ያን ጊዜ ድርስ ነበሩ። ወለዱ፤ ልጁ ግን አልሰነበተም፤ ጡታቸው ደርቆ ነበር። ለአማቴ የወፈረች ነፍሰ ጡር ማለት ዱዓዋ የተሰማላት ማለት ናት። እንዴት ብዬ «እማ፣ ቅቤው በዛ» ልበላቸው?

እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ። እንደኔ ያለነው ስንት ነን? ልጄን ይጎዳብኛል? አሁን ምግብ ብቀንስስ ይርበዋል?

የዋድላው መምህር

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ፤ በሰላም ያገላግልሽ።

ልዋሽሽ አልፈልግም፤ ጥያቄሽ እንግዳ ሆኖብኛል። እኔ በማስተምርበት ቀበሌ ነፍሰ ጡር የማየው ጄሪካን በጀርባዋ አዝላ ዳገት ስትወጣ ነው። ባለቤቴ ሁለተኛ ልጃችንን ስታረግዝ ክንዷ 21 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ልጃችን 2 ኪሎ ከ100 ግራም ሆና ተወለደች፤ ሦስት ወር ሙሉ እንቅልፍ አልነበረንም። ስለዚህ ወሎ ውስጥ የነፍሰ ጡር ውፍረት መነጋገሪያ ሲሆን ሳይ ልቤ ይቆጣል። የእኛ ችግር ሌላ ነው። አማትሽም አልተሳሳቱም፤ ያዩትን ነው የሚያደርጉት። የሰጡሽን ብዪ፣ ሰውም አታስቀይሚ።

አዋላጅ ከሐይቅ

አብሽሪ የኔ እህት። መጀመሪያ ያቺ ልጅ በሰው ፊት እንደዚያ ማለቷ ስህተት ነው። እኔም በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት እንደዚያ ብያለሁ፤ ተናግሬያት ከዚያ በኋላ ክትትል የቀረች ሴት አለች፤ እስካሁን ፊቷ አይጠፋኝም። ስለዚህ ረጋ ብዬ ልጻፍልሽ፤ ይረዝማል።

አዋላጅ ከሆንኩ 14 ዓመቴ ነው። ግማሹን ደላንታ በኩል በጤና ጣቢያ፣ ግማሹን ከተማ ውስጥ ሠርቻለሁ። መምህሩ ያሉት እውነት ነው፤ ደላንታ ሳለሁ በወር አንድ ወፍራም ነፍሰ ጡር ባይ ይደንቀኝ ነበር። ያንቺም እውነት ነው።

ቁጥሩን ልንገርሽ። በአገር ደረጃ የምናምነው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናቱን ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2000 ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶቻችን ከመቶ 30ው ከሲታ ነበሩ፤ ከልክ በላይ የወፈሩት ደግሞ 3 ብቻ። በ2016 ከሲታዎቹ ወደ 22 ወረዱ፣ የወፈሩት ወደ 8 ወጡ። ይህ 8 ግን አገሩን በሙሉ ደባልቆ ነው። ስትለያዪው ገጠር 4፣ ከተማ 21 ነው። ከአምስት የከተማ ሴት አንዷ ማለት ነው! ስለዚህ አንቺና መምህሩ የምትኖሩት አንድ ወሎ ውስጥ ሆኖ ሁለት ዓለም ውስጥ ነው፤ የልኬት ደብተርሽም አልዋሸሽም።

አሁን ልብ በዪልኝ፦ ይህ ጥናት የውፍረቱን ልክ ሲያሰላ ነፍሰ ጡሮችንና ከወለዱ ሁለት ወር ያልሞላቸውን ያወጣቸዋል። ምክንያቱ ተንኮል አይደለም። ነፍሰ ጡር ሚዛን ላይ ስትወጣ የምትመዘነው ብቻዋን አይደለችም፤ ልጁ አለ፣ እንግዴ ልጁ አለ፣ ሽርት ውሃው አለ፣ ማህፀኗ አድጓል፣ ደሟ ጨምሯል። ያንን ሁሉ ውፍረት ብለን ብንቆጥር እንሳሳታለን። ግን ውጤቱ ምን ሆነ? አንቺና እንዳንቺ ያሉት ከዚያ ትልቅ ጥናት ውስጥ የላችሁም። ትክክለኛው መለኪያ ከማርገዟ በፊት ወይም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ የነበራት ክብደት ነው። እኛ አገር ደግሞ ብዙዋ ሴት ካርድ የምታወጣው አራት አምስት ወር ሲሆናት ነው፤ ቀድሞ ስንት ኪሎ ነበርሽ ስላት «እኔ እንጃ» ትለኛለች፤ በምን ታውቀዋለች? አንቺ በ11 ሳምንትሽ መመዘንሽ ትልቅ ዕድል ነው።

ሒሳቡ ላንቺ ከባድ አይደለም። 82ን ለ1.60 አካፍዪ፣ 51 ከሩብ ይመጣል። እሱን እንደገና ለ1.60 አካፍዪ፣ 32 ይሆናል። ከ18 ተኩል እስከ 25 ያለው ደህና የሚባለው ነው፤ ከ25 ጀምሮ የክብደት መጨመር ይባላል፤ ከ30 ሲያልፍ ከልክ ያለፈ ውፍረት። ያንቺ 32 ሦስተኛው ውስጥ ነው። ስሙ ያስደነግጣል፤ ግን በዓለም ላይ ብቻሽን አይደለሽም። በ2014 በተሠራ ግምት 39 ሚሊዮን ያህል ነፍሰ ጡሮች ከልክ በላይ ክብደት ነበራቸው፤ ከእነሱ ውስጥ 14.6 ሚሊዮኑ አንቺ ያለሽበት መደብ ውስጥ ናቸው። አሜሪካ በ2019 ከወለዱት ከመቶ 29ኙ ሲያረግዙም እዚያ መደብ ውስጥ ነበሩ።

ሜትሩ ደህና ነሽ ያለሽ ለምን መሰለሽ? ያ የክንድ ሜትር የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ከ23 ሴንቲ ሜትር በታች ነች ወይ? በታች ከሆነች ምግብ ጎድሏታል እንላለን። ከዚያ በላይ 24ም ሁኚ 38 ለሜትሩ አንድ ነሽ፣ «ደህና» ነሽ። ሜትሩን አልወቅሰውም፤ ስንት እናት አድኗል። የተሠራው የተራበችውን ለመፈለግ ነው፤ የወሎ ባለሙያ ደግሞ ዓይኑ የተገራው ለዚያው ነው። የምንሰጠው ምክርም እንደዚያው ነው። «ነፍሰ ጡር በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ ትብላ» የሚለውን ለዋድላዋም ለደሴዋም እኩል እናነባለን። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። አንድ ወረቀት ለሁለት ሴት!

አሁን ወደ አንቺ። በ2009 የአሜሪካ የሕክምና ተቋም ያወጣውና ብዙ ቦታ የሚሠራበት መለኪያ እንዲህ ይላል፦ ክብደቷ ደህና የሆነች ሴት በእርግዝናዋ በሙሉ ከ11 ኪሎ ተኩል እስከ 16፣ ከሲታዋ እስከ 18፣ አንቺ ያለሽበት መደብ ያለች ደግሞ ከ5 እስከ 9 ኪሎ ብትጨምር ይበቃታል። አንቺ እስካሁን 5 ጨምረሻል። የቀረሽ ቢበዛ 4 ኪሎ ነው፤ በ21 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 200 ግራም ገደማ። ይህ ማለት ተራቢ ማለት አይደለም! በእርግዝና ላይ ክብደት ለመቀነስ መጾም፣ ምግብ መዝለል፣ ከመንደር የሚሸጥ የማቅጠኛ ሻይ መጠጣት ፈጽሞ አይሞከርም። ጭማሬውን ማዘግየት ነው የምንፈልገው።

ገንፎውን እንየው። ልጁ በሁለተኛው ሦስት ወር በቀን የሚጠይቅሽ ጭማሪ 340 ካሎሪ ያህል ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ብቻውን 100 ካሎሪ ይይዛል። የአማትሽ ጉድጓድ ስንት ማንኪያ እንደሚበላ አላውቅም፤ በጭልፋ ጀርባ የተጎደጎደ ከሆነ ግን አራት አምስት አያጣውም። ልጅሽ የፈለገው በሙሉ ገና ከጠዋቱ አልቋል፤ እንጀራው፣ አጥሚቱ፣ ማታ የሚመጣው ሁሉ ላንቺ ወገብ ነው። ቡናውንም አትርሺው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ በየስኒው ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ከሆነ 9 ማንኪያ ነው፤ 36 ግራም ገደማ ስኳር በአንድ ጀባታ!

ጉዳቱን ሳልደብቅ ልንገርሽ፣ ግን ከማስፈራራት ጋር አታምታቺው። አብዛኞቹ ወፍራም እናቶች ጤነኛ ልጅ ይወልዳሉ። ዕድሉ ከፍ የሚለው የእርግዝና ስኳር፣ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የሚመጣ የደም ግፊት፣ ትልቅ ልጅና አስቸጋሪ ምጥ፣ ኦፕራሲዮን፣ ከወሊድ በኋላ ደም መፍሰስና የእግር ደም መርጋት ነው። ብዙዎቹ ቀድመው ከታዩ የሚያዙ ናቸው። ስለዚህ እነዚህን ጠይቂ፦

የስኳር ምርመራ። አሁኑኑ በባዶ ሆድ ይታይልሽ፤ ደህና ቢሆንም ከ24 እስከ 28 ሳምንት ባለው ጊዜ 75 ግራም ግሉኮስ ጠጥተሽ ሦስት ጊዜ ደም የሚወሰድበት ምርመራ ይደገምልሽ። በባዶ ሆድ ከ92፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከ180፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ከ153 በታች ሁሉም መሆን አለባቸው፤ አንዱ እንኳ እዚያ ከደረሰ የእርግዝና ስኳር ነው።

ግፊትሽን ሲለኩሽ ክንድሽ ላይ የሚጠመጠመውን ጨርቅ ተመልከቺ። ይሄ ላንቺ ለልብስ ሰፊዋ ቶሎ ይገባሻል፤ ጠባብ እጅጌ ወፍራም ክንድ ላይ ሲገባ እንደሚያንቀው ማለት ነው። ጨርቁ ለክንድሽ ጠባብ ከሆነ ግፊትሽን ከእውነቱ አብልጦ ያሳያል። «ሰፊው የለም ወይ?» በዪ። አትፈሪ። የሽንት ፕሮቲንም ይታይልሽ። ውፍረትና የመጀመሪያ እርግዝና አንድ ላይ ስላለሽ ሐኪሙ ትንሿን አስፕሪን ሊያዝልሽ ይችላል፤ ግን እሱ ካላዘዘ ራስሽ ገዝተሽ እንዳትውጪ።

የብረትና የፎሌት ኪኒኑን አታቋርጪ። «እኔ ወፍራም ነኝ፣ ደም ሞልቶኛል» ብለው የሚጥሉት አሉ። ውፍረትና ደም ማነስ አንድ ሴት ላይ አብረው ይገኛሉ፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

እንቅስቃሴ። በሳምንት 150 ደቂቃ፣ ማለትም በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት በእግር ሂጂ፤ እያወራሽ መሄድ በምትችዪበት ፍጥነት። ደሴ ለዚህ ዳገቱ ይከብዳል፤ ሜዳ ሜዳውን ምረጪ። መኪናሽ ላይ ስትውዪም በየሰዓቱ ተነሺ፤ እግርሽ ተንጠልጥሎ አይዋል።

አማትሽን በተመለከተ፣ በቀጣዩ ቀጠሮ ይዘሻቸው ሂጂ። እሳቸው ጠላት አይደሉም፤ ከእኛ በፊት የጀመሩ አዋላጅ ናቸው። ባለሙያዋ ለእሳቸው ትንገራቸው።

የኮምቦልቻዋ እናት

አዋላጇ ስለ ስኳር የጻፈችውን ሳነብ እጄ ተንቀጠቀጠ። እኔ ያለፍኩበትን ላጫውትሽ፤ ላስፈራሽ አይደለም፣ እንዳይሆንብሽ ነው።

የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ 90 ኪሎ ነበርኩ። ክትትል አምስት ጊዜ ሄጃለሁ። ስሙን በማልጠራው ቦታ አንድም ቀን ስኳርሽን እንይ ያለኝ የለም። ውሃ ይጠማኛል፣ ሌሊት አምስቴ እነሳለሁ ስል «እርጉዝ አይደለሽ እንዴ፣ ያለ ነው» ተባልኩ። ሰፈሩ ሁሉ «ተመችቷታል፣ ልጁ ግዙፍ ነው» እያለ ይመርቀኝ ነበር። ምጡ መጣ፣ የልጁ ራስ ወጣ፣ ትከሻው ተያዘ። ያቺን ደቂቃ መናገር አልችልም። አንዷ አዋላጅ ጉልበቶቼን ወደ ደረቴ ስትገፋ፣ ሌላዋ ሆዴን ከታች ስትጫን፣ ክፍሉ ውስጥ ዝም ያለው ልጄ ብቻ ነበር። 4 ኪሎ ከ400። እግዚአብሔር ይመስገን ኖረልኝ፤ ቀኝ እጁ ግን ለወራት አልታዘዝ ብሎት ነበር። ከዚያ ደሜ አልቆም ብሎ ሁለት ከረጢት ደም ተሰጠኝ።

ሁለተኛዬን ሳረግዝ ገና በ9 ሳምንቴ ሄድኩና «በመጀመሪያው እንዲህ ሆኛለሁ» ብዬ እኔው ተናገርኩ። በባዶ ሆድ 97 ሆነ። የጣት መመርመሪያ ገዛሁ። ያወቅኩትን ልንገርሽ፦ ያው እንጀራዬን ነው የበላሁት፣ ግን ሁለቱን አንድ አደረግኩት፤ በምትኩ ምስር፣ ጎመን፣ እንቁላል አበዛሁ። ለስላሳ መጠጥ ሙሉ በሙሉ ተውኩ። ቡናዬን ያለ ስኳር መጠጣት ሁለት ሳምንት አስለቀሰኝ፣ ከዚያ ለመድኩት። ከምሳ በኋላ 20 ደቂቃ ስሄድ በጣቴ የማየው ቁጥር ሲወርድ አየሁ፤ እሱን ማየት ነው ያበረታኝ። በ30 ሳምንቴ አልወርድ ሲለኝ ኢንሱሊን ጀመርኩ፤ አልተሸማቀቅኩም። 3 ኪሎ ከ400 ወለድኩ። ልጄን እንደተወለደች ስኳሯ እንዳይወርድ ተከታትለው ለኩላት፣ እኔም ወዲያው አጠባሁ። ከወለድኩ በሁለት ወር ተመልሼ ስኳሬን አሳየሁ፣ ደህና ሆነ። ስኳሩ ቢገኝብሽ እንኳ በተወለደ ማግስት ረስተሽው እንዳትቀሪ፤ ብዙዎቻችን የምንጠፋው እዚያ ላይ ነው።

የዋድላው መምህር

ኮምቦልቻ ያለሽው እህታችን፣ የጻፍሽውን ለባለቤቴ አነበብኩላት። ሁለታችንም ዝም አልን። ባለሜትሯን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ «የሰጡሽን ብዪ» ያልኩት ሳላውቅ ነው። የ22ቱና የ8ቱ ነገር ግን አሁንም ያሳስበኛል። የከተማዋ ወረቀት ሲስተካከል የእኛዋ ተጨማሪ ምግብ እንዳይቀንስባት።

አዋላጅ ከሐይቅ

መምህር፣ አይቀንስባትም፤ እንዲቀንስ የሚፈልግም የለም። 21 ሴንቲ ሜትር ክንድ ያላት እናት ቅቤው ይገባታል፤ እንዲያውም የባለሜትሯ አማት ወደ እናንተ ቢመጡ ደስ ባለኝ። የምለምነው ሚዛኑና ቁመት መለኪያው ከክንዱ ሜትር ጎን እንዲቆሙ፣ ከዚያ ለእያንዳንዷ የራሷ እንዲነገራት ነው።

ባለሜትሯ (ደሴ)

እህቶቼ፣ ዝም ያልኩት ጠፍቼ አይደለም፤ ውጤቱን ይዤ ልመለስ ብዬ ነው። ዛሬ 27 ሳምንቴ ነው።

መጀመሪያ በባዶ ሆድ አየሁት፣ ደህና ነበር። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ያንን ጣፋጭ ውሃ ጠጥቼ ሦስት ጊዜ ደም ሰጠሁ። 88፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 171፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 139። ወረቀቱን ሳነበው አዋላጇ የጻፈችልኝን በስልኬ ከፍቼ አንድ በአንድ አስተያየሁ። ክብደቴ 88 ኪሎ ተኩል ነው፤ በ8 ሳምንት ኪሎ ተኩል። ግፊቴን ሲለኩኝ መጀመሪያ 142 በ90 አለ። ጨርቁን አየሁት፤ ጫፉ ክንዴን አልሞላም፣ መያዣው እየተላቀቀ ነው። «ሰፊው የለም ወይ?» አልኩ፤ ድምፄ ተንቀጥቅጦ ነበር። ከማዋለጃ ክፍል አመጡት፣ ትንሽ አረፍ ብዬ እንደገና ተለካሁ። 124 በ78። እንዴት እንደማመሰግንሽ አላውቅም።

አማቴን ይዣቸው ሄጄ ነበር። አዋላጅዋ ወንበር አቀረበችላቸው፣ «እማማ፣ እስከዛሬ ያበሉልኝ እጆችዎ ይባረኩ» ብላ ጀመረች። እሳቸው ግን ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠና «ልጄ፣ ቅቤውን ከነሳኋት ጡቷ ይደርቅባታል» አሏት። እኔ እስካሁን ያንን በአፋቸው አውጥተው ሲናገሩት ሰምቼ አላውቅም። አዋላጅዋ እጃቸውን ያዘችና ጡቴ እንደማይደርቅ፣ ወተቱን የሚያመጣው ልጁ ቶሎና ቶሎ ሲጠባ መሆኑን፣ የእናታቸው ግን የተራበ ሰውነት እንደነበር ቀስ ብላ ነገረቻቸው። ብዙ ቆየን። ወረፋው ረዥም ነበር፤ ግን አልቸኮለችም። ሲወጡ «ታዲያ ምን ላብላት?» አሏት። እንቁላል፣ ጎመን፣ ምስር፣ አንድ ብርጭቆ ወተት አለቻቸው። በጣታቸው እየቆጠሩ ያዙት።

አሁን ከአስር በኋላ ሱቅ ድረስ መጥተው ይጠሩኛል፤ አብረን እንሄዳለን። ከእኔ ይፈጥናሉ። በመንገድ ላይ ስለ እናታቸው ያወሩኛል።

ገንፎው አልቀረም፣ በሳምንት ሁለት ቀን ሆነ። ዛሬ ጠዋት አየኋቸው፤ ጭልፋውን አነሱ፣ መልሰው አስቀመጡት፣ መሃሉን በሻይ ማንኪያ ጀርባ ጎደጎዱት።